የጋሼ ምስጢር ቁጥር

የጋሼን የባንክ ምስጢር ቁጥር አምስት ሰው ያውቀዋል። እኔ አውቀዋለሁ። ልጃቸው ታውቀዋለች። የልጃቸው ባል ያውቀዋል። ከበራቸው ፊት ለፊት ያለው ባለ ሱቅ ያውቀዋል። አምስተኛው ራሳቸው ጋሼ ናቸው።

ጋሼ አጎቴ ናቸው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም። በልጅነታቸው ኩፍኝ ዓይናቸውን ወሰደው። ሰበታ መርሐ ዕውራን ተማሩ። ከዚያ ስድስት ኪሎ ገብተው ታሪክ አጠኑ። ከዚያ ጡረታ እስኪወጡ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። የአድዋን ዘመቻ ከነቀኑ፣ ከነሰፈሩ በቃላቸው ይወጡታል። አራት ቁጥር ግን ለብቻቸው መያዝ አልቻሉም። ረስተዋት አይደለም። የባንኩ አፕ ምስጢር ቁጥር አስገባ ብሎ የሚያመጣው የቁጥር ሰሌዳ አይናገርም። ስለዚህ መብራት መክፈል ሲፈልጉ፣ ለሰው ብር መላክ ሲፈልጉ፣ ስልኩን አጠገባቸው ላለው ሰው ይሰጡና ቁጥሯን ይናገራሉ።

ጮክ ብለው ነው የምላችሁ። ቤቱ ሰው ሞልቶት።

አንድ እሑድ፣ ሁለተኛው ቡና ላይ፣ እንደተለመደው ስልኩን ሰጡኝና ቁጥሯን አሰሙ። "ኧረ ጋሼ፣ ቀስ ብለው! ሰው ይሰማል" አልኳቸው።

"ያልሰማ ማን አለ?" አሉኝ።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የእኔ እንጀራ ግን አፕ መሥራት ነው። ቤቴ ስገባ ሳቁ አለቀና ነገሩ አልለቅ አለኝ።

እኔንና ጋሼን ያወዳጀን ንባብ ነው። አራተኛ ክፍል እያለሁ ከትምህርት ቤት መልስ አዲስ ዘመን አነብላቸው ነበር። ደመወዜ ደስታ ከረሜላ ነው። ውጭ ኳስ ሲጀመር ግን ከረሜላውም አይዘኝም፤ አንድ ሁለት አንቀጽ መዝለል ለመድኩ። ጋሼ ጸጥ ብለው ያዳምጡና "ዘለልክ" ይላሉ። እምላለሁ። "ዘለልክ አልኩህ" ይላሉ። እንዴት እንደሚያውቁ የነገሩኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። "ስታነብ የምትተነፍሰው አራት ነጥቡ ላይ ነው። ስትዘል መሃል ላይ ትተነፍሳለህ።"

ዩኒቨርሲቲ እያሉም ንባባቸው በሰው ዓይን ነበር። ብሬል የሚባለውን በጣት የሚዳሰስ የነጥብ ጽሑፍ አሳምረው ያውቃሉ። ስሌትና ስታይለስ በሚባሉት ሰሌዳና መውጊያ ወረቀቱን ከቀኝ ወደ ግራ እየወጉ ይጽፋሉ፤ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። በብሬል የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ ግን ብርቅ ነው። ቢገኝም ግዙፍ ነው። በብሬል ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ስለሚጻፉ፣ እኛ በአንድ ፊደል የምንገላገለው ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ፈቃደኛ አንባቢ ይለመናል። ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያዳምጣል። አንባቢው ሲደክመው ምዕራፉ ያልቃል።

የመማሪያ መጽሐፉስ ይሁን። ጋሼ ለባለቤታቸው የጻፉትን የመጀመሪያ የፍቅር ደብዳቤ የጻፈላቸው ጓደኛቸው ነው። መልሱን ያነበበላቸውም ያው ጓደኛ ነው። "ከእኔ በፊት ነው የደነገጠው" ይላሉ ሲያወሩት። በቀልድ ነው የሚያወሩት። እኔ ግን አሁን አሁን ቀልዱ ውስጥ ሌላ ነገር ይሰማኛል። ሰውየው በሰባ ዓመት አካባቢ ዕድሜያቸው ከሌላ ሰው ቀድመው ያነበቡት ወረቀት ስንት ይሆን?

ልጃቸው ተች ስልክ የገዛችላቸው ጊዜ ጋሼ መጀመሪያ ተቆጡ። "መስታወት ገዝታ አመጣችልኝ" አሉ። እውነትም መስታወት ነው። የድሮው ስልካቸው ቁልፍ ነበረው፤ አምስት ቁጥር ላይ ያለችውን ጉብታ ዳሰው ሁሉንም ያገኙታል። መስታወት ላይ ምን ይዳሰሳል?

ስክሪን ሪደር የሚባለው ነገር ሥራው እዚህ ላይ ነው። አይፎን ላይ ቮይስኦቨር፣ አንድሮይድ ላይ ቶክባክ ይባላል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2009 ነው ስልክ ላይ የመጡት። ቶክባክ ሲከፈት የስልኩ ጠባይ ይለወጣል። አንዴ ስትነካው አይከፍትም፤ ምን እንደነካህ ይነግርሃል። የምትፈልገው እሱ ከሆነ ሁለቴ መታ መታ ታደርጋለህ። ጣትህን ወደ ቀኝ ስታንሸራትት ወደሚቀጥለው ነገር ይሄዳል። ያን ጊዜ መስታወቱ በድምፅ ይዳሰሳል።

ጋሼ ሁለት ሳምንት ታገሉት። በሦስተኛው ሳምንት በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አንባቢ መልእክት አነበቡ። የኢንተርኔት ጥቅል ማስታወቂያ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

ስልካቸው ላይ የተጫነው የአማርኛ ድምፅ ኢስፒክ ይባላል። ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ድምፁ ከሰው የተቀዳ አይደለም፤ በስሌት የሚፈጠር ነው። ስለዚህ ሸካራ ነው፣ ትእዛዝ የሚሰጥ ይመስላል። ጋሼ "ሻምበል" ብለው ስም አወጡለት። ኮምፒውተር ላይ በማይክሮሶፍት ኤጅ የሚገኙ ሌሎች ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉ፤ መቅደስና አምሃ ይባላሉ። እነሱ ሰው ይመስላሉ። ግን በኢንተርኔት ነው የሚሠሩት። ጋሼ "መቅደስ ጨዋ ልጅ ናት፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን አብራ ትጠፋለች። ሻምበል ከግንባር አይሸሽም" ይላሉ።

ሻምበል ግን አማርኛችን ላይ ይደናቀፋል። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ቋንቋችን ማጥበቅና ማላላትን ፊደል ላይ አይጽፍም። "ገና" ብዬ ስጽፍ በዓሉ ይሁን "ገና ነው" የሚለው አንባቢው ከአውዱ ይረዳል። ማሽኑ ይገምታል። ጋሼ አንድ ሰሞን ለልጃቸው የሚከራይ ቤት ሲያፈላልጉ ቴሌግራም ላይ "ሰፊ ቤት ይከራያል" የሚል ማስታወቂያ መጣ። ሻምበል አላልቶ አነበበው። ጋሼም የልብስ ሰፊ ቤት መስሏቸው አለፉት። "አለ" ሲመጣማ ሰውየው ይናገር ይሁን ይኑር የሚለየው እግዜር ነው።

ምህጻረ ቃል ሌላው ጣጣ ነው። ት/ቤት፣ ፍ/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ገ/ማርያም። እኛ በዓይን ስናየው ሙሉውን ቃል ነው የምንሰማው። ሻምበል "ት"ን ለብቻ ጠርቶ፣ መሃል ላይ አንድ ነገር አጉተምትሞ፣ "ቤት" ይላል። ደግሞ አራት ነጥብ አለ። ብዙዎቻችን ትክክለኛውን ምልክት ትተን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ እንመታለን። ለዓይን አንድ ናቸው። ለማሽኑ ግን የዓረፍተ ነገር መጨረሻ አይደለም። ሻምበል ሦስት ዓረፍተ ነገር ይዞ ሳይተነፍስ ይነጉዳል። በትንፋሽ ሌባ ለሚይዙት ለጋሼ ይህ ምን እንደሚያህል አስቡት። እኔ ከዚያ ወዲህ ሁለት ነጥብ ደራርቤ አላውቅም።

አሁን ወደ ራሴ ኃጢአት ልምጣ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ከጓደኞቼ ጋር የክሊኒክ ቀጠሮ ማስያዣ አፕ ሠርተን ነበር። ኮርተንበት ነበር። ነጭ መደብ፣ ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ። ቃል የለበትም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ነገር በትንንሽ ሥዕል ነው። ቤት፣ ደወል፣ የሰው ራስ፣ ሦስት ነጥብ። ቀን የሚመረጠው እንደ መንኮራኩር በሚሽከረከር ነገር ነው። እሱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሁለት ሌሊት አልተኛሁበትም።

ከዚያች እሑድ በኋላ አፑን የጋሼ ስልክ ላይ ጫንኩትና "ይሞክሩልኝ" አልኳቸው። ጋሼ ጣታቸውን አንሸራተቱ።

"አንሌብልድ፣ በተን" አለ ስልኩ።

እንደገና አንሸራተቱ። "አንሌብልድ፣ በተን።" እንደገና። "አንሌብልድ፣ በተን።" ጋሼ በጣታቸው ይቆጥራሉ። የፊት ገጹ አለቀ።

"ስም የለሽ ቁልፍ ማለቱ ነው አይደል?"

"አዎ።"

"አሥራ አንድ ወልደህ ለአንዱም ስም አላወጣህም?"

ነገሩ እንዲህ ነው። አፕ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቁልፍ የስም መጻፊያ ቦታ አለው። አንድሮይድ ላይ ኮንቴንት ዲስክሪፕሽን ይሉታል። ድረ ገጽ ላይ ላለ ሥዕል ደግሞ ኦልት የሚባል አለ። ማየት የሚችል ሰው በጭራሽ አያየውም። ስክሪን ሪደሩ የሚያነበው ግን እሱን ነው። "ፈልግ" ብሎ መጻፍ ነው፤ "ተመለስ" ብሎ መጻፍ ነው። ባዶ ከተውከው ማሽኑ "እዚህ ቁልፍ አለ፣ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም" ይላል። እኔ አሥራ አንዱንም ባዶ ነበር የተውኩት። ክፋት አይደለም። ትዝም አላለኝ። ስድስት ዓመት በዚህ ሙያ ስሠራ "ስም አወጣህለት?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ስሞቹን ለመጻፍ ከምሳ በኋላ ጀምሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስኩ። መንኮራኩሩ ግን ሳምንት ተኩል ፈጀብኝ። በመጨረሻ ነቀልኩትና ተራ ዝርዝር አደረግኩት፤ ሰኞ 3 ሰዓት፣ ሰኞ 4 ሰዓት እያለ የሚወርድ። ልቤ አዘነ፣ አልዋሽም። እናቴ ግን ዓይኗ ደህና የሆነችው እናቴ፣ "አሁን ገና ገባኝ" አለች። ፈዛዛው ግራጫም እሷን ነበር የሚያስቸግራት፤ ፀሐይ ላይ ስትሆን ምንም አይታያትም ኖሯል። ለካ ለዚህም ልክ ወጥቶለታል። ደብሊው ሲ ኤ ጂ የሚባለው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ መመሪያ የተለመደ መጠን ያለው ጽሑፍና መደቡ በብሩህነታቸው ቢያንስ በ4.5 ለ 1 ይለያዩ ይላል። የእኛ ግማሹንም አይደርስም ነበር።

የቀረውን ለማስተካከል አለቃዬን ጊዜ ስጠይቀው "ስንት ዓይነ ስውር ተጠቃሚ አለን?" አለኝ። ቆጥረን አናውቅም እንጂ አንድም አይኖረንም። በር ዘግቶ እንግዳ አልመጣም ማለት ነው። ይህን ግን ያን ጊዜ አላልኩትም፤ ጥሩ መልስ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ ታክሲ ውስጥ ነው።

የጋሼን አፍ ያዘጋ አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ። አንድ ድረ ገጽ ላይ ሲመዘገቡ "ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ" የሚለው መጣ። የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጥ ይላል። ሰው መሆንህን በዓይንህ አስመስክር እንደማለት ነው። ጋሼ ብዙ ዝም አሉና ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት።

ሌላው የጋሼ ጠላት ማኅተም ነው። አገራችን ውስጥ ወረቀት ማኅተም ካላረፈበት ወረቀት አይደለም። ስለዚህ ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ ሲለቀቅ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ከዚያ በስልክ ፎቶ ይነሳል። ጥግ ላይ የአንድ ሰው አውራ ጣት ይታያል። ቶክባክ ይህን ሁሉ "ፎቶ" ብሎ ያልፈዋል። ጋሼ ያሉበት የጡረተኞች ግሩፕ የስብሰባ ጥሪውን እንዲህ አድርጎ ለቀቀና ጋሼ ስብሰባው አመለጣቸው። በማግስቱ በድምፅ መልእክት ላኩላቸው፦ "ማኅተሙን ለእናንተ፣ ጽሑፉን ለእኔ።" ከዚያ ወዲህ ጸሐፊው ከፎቶው ሥር ሁለት መስመር መጻፍ ጀምሯል። አንዳንዴ ይረሳል። ፎቶን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አማርኛ ጀምረዋል፤ ቴሴራክት የሚባለው ነጻው ጭምር። ግን የተጣመመ ፎቶና ስም ላይ የተደፋ ማኅተም ሲገጥማቸው ይንተባተባሉ።

የጋሼ የገዛ ማስታወሻም አለ። በሥራ ዘመናቸው የታሪክ ማስተማሪያ ጽሑፋቸውን በአንደበታቸው እያሉ ታይፒስት ኮምፒውተር ላይ ጽፋላቸው ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ወደሚባለው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደል መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ብዙ ሰው የሚጽፈው የላቲን ፊደል ላይ የአማርኛ መልክ በሚያለብሱ የድሮ ፎንቶች ነበር። መልኩ አማርኛ ነው፤ ውስጡ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ስክሪን ሪደር ደግሞ መልክ አያውቅም፣ ውስጡን ነው የሚያነበው። ፋይሉን ስንከፍተው ከእንግሊዝኛም ከምንም ያልሆነ ዝብርቅርቅ ወጣ። ጋሼ የራሳቸውን ድርሰት እንደዚያ ሲሰሙት ትንሽ አዳመጡና "ይህ እኔ ነኝ?" አሉ። ቀይሬ ልሰጣቸው ቃል ገብቻለሁ። ግማሹ ደርሷል።

ነገሩ የዓይን ብቻ እንዳልሆነ ያስተማረኝ መስማት የተሳነው የሥራ ባልደረባዬ ነው። ጋሼ የሚወዱትን የድምፅ መልእክት እሱ ይጠላዋል። ቪዲዮ ጥሪ ለእሱ ስልክ ማለት ነው፤ በምልክት ቋንቋ ያወራበታል። ኔትወርኩ ሲቆረጥ የሚያወራው ሰው እጅ አየር ላይ ደርቆ ይቀራል። አንድ ቀን የገንዘብ ዝውውር ሲልክ "ለማረጋገጥ ደውለንልዎት አላነሱም" የሚል መልእክት ደረሰው። ሊስቅ ነው ሊያለቅስ አላወቀም። እሱና ጋሼ የሚስማሙበት አንድ ነገር ጽሑፍ ነው። የተጻፈ ነገር ለአንዱ ድምፅ ይሆናል፣ ለሌላው ፊደል ይሆናል። ፎቶ ከሆነ ለጋሼ፣ ድምፅ ብቻ ከሆነ ለእሱ ይጠፋል።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ኢንተርኔትን በስሙ ጠርቶ ተደራሽ ይሁን ይላል። የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001ም ስለ አካል ጉዳተኞች መግቢያ ተናግሯል። ሕንፃው ላይ ቢያንስ ደረጃው ይታያል፤ ራምፕ የሌለው ሕንፃ ያሳፍራል። ስም የሌለው ቁልፍ ግን ማንንም አያሳፍርም፤ ከሚጠቀምበት በቀር የሚያየው የለማ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ሕግ የተማሩ ዓይነ ስውራን ሞልተውናል። የትነበርሽ ንጉሤ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያገኘች የሕግ ባለሙያ ናት። እኔ ኮምፒውተር ሳይንስ ስማር ግን ክፍላችን ውስጥ አንድም ዓይነ ስውር ተማሪ አልነበረም። ኤንቪዲኤ የሚባለውን የኮምፒውተር ስክሪን ሪደር እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ማይክል ከረን የሚባል ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ነው። ጄምስ ቴ የሚባል ሌላ ዓይነ ስውር ፕሮግራመር ተቀላቀለው። ያን ጊዜ ገበያ ላይ ያለው ስክሪን ሪደር አንድ ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር፤ የእነሱ ነጻ ነው። አጠገቤ እንዲህ ያለ አንድ ልጅ ተቀምጦ ኮድ ቢጽፍ ኖሮ፣ አሥራ አንዱን ቁልፍ በመጀመሪያው ቀን ስም ያስወጣኝ ነበር።

ወደ ምስጢር ቁጥሯ ልመለስ። የባንኩን አፕ እኔ ልጠግነው አልችልም፤ የሰው ነው። ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፣ "አስተያየትዎን ተቀብለናል" አሉኝ። መላውን ያገኙት ጋሼ ራሳቸው ናቸው፤ የሰበታ የትምህርት ቤት ጓደኛቸው ነው የነገራቸው። ያ በኮከብ ተጀምሮ በሃሽ የሚያልቀው፣ ኢንተርኔት የማይፈልገው፣ እኛ ወጣቶቹ የናቅነው የጽሑፍ ሜኑ! ሥዕል የለውም፣ ቀለም የለውም። ጽሑፍ ብቻ ነው። ቶክባክ አንድ በአንድ ያነበዋል። ቁጥር የሚጻፈውም በስልኩ በራሱ ኪቦርድ ነው፤ ኪቦርዱ ደግሞ ይናገራል። አንድ ችግር ነበረው። ሻምበል አንብቦ ሳይጨርስ ጊዜው ያልፍና ይዘጋል። ጋሼ ታዲያ የአድዋን ዘመቻ የያዘ ጭንቅላት አላቸው፤ ተራውን በቃላቸው ያዙት። 1፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ አካውንት፣ ከዚያ መጠን። ሻምበል አፉን ሳይከፍት እሳቸው ይመልሳሉ።

ባለፈው ቅዳሜ እነሱ ቤት ስሄድ ጋሼ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ላይ የልጃቸው ኢርፎን አለ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ሰላም ብላቸውም አልሰሙኝ። አልረበሽኳቸውም፤ ለቡናው ስኳር ልግዛ ብዬ ወደ ሱቁ ተሻገርኩ።

ባለ ሱቁ ስኳሩን እየመዘነ፣ "ጋሼ ተቀይመውኛል እንዴ?" አለኝ።

"ምነው?"

"ካርድ ሙላልኝ ብለው ስልኩን ሰጡኝ፣ ቁጥሯን ባስገባ እምቢ አለች። 'ተወው፣ እኔው እሞላለሁ' ብለው ሄዱ። ቀየሯት መሰለኝ። አዲሷ ስንት ናት?"

"እኔ እንጃ" አልኩት። እውነቴን ነው።